ባለቡናው ቡና ሲሸሽግ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በእኛ በጅማ አካባቢ ግን ይህ ተረት የቡና ተረት ሆኗል። ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ከአጋሮ ወደ ጌራ፣ ወይም ወደ ሊሙ ገነት የሄደ ሰው እንደሚያውቀው፣ የመንገዱ ግራና ቀኝ ቡና ነው። በጥቅምትና በኅዳር እሸቱ ይቀላል፤ ቀጥሎም በየደጁ ጀንፈል ይሰጣል። በዚህ አገር እንግዳ የሚከበረው በቡና ነው፤ የተጣላ ጎረቤት የሚታረቀው በቡና ነው፤ ኀዘንተኛ የሚጽናናውም ጀበና ተጥዶ ነው። ይህንኑ ቡና የአገሩ ሰው አራት ወይም አምስት ኪሎ አድርጎ ወደ ሌላ ከተማ ሲወስደው ግን በልብስ ጠቅልሎ፣ ከሻንጣው ሥር ሸሽጎ፣ እንደ ሌባ እየተሳቀቀ ነው።

ስለ ሕግ የበላይነት በአገራችን ብዙ ተጽፏል። የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትልልቆቹ ሕጎች ነው፦ ስለ ሕገ መንግሥቱ፣ ስለ ምርጫ ሕጉ፣ ስለ ፕሬስ ሕጉ። ተራው ዜጋ ከመንግሥት ጋር በየዕለቱ የሚገናኘው በእነዚህ በኩል አይደለም። የሚገናኘው በመታወቂያ እድሳት፣ በቀበሌ ማኅተም፣ በትራፊክ ቅጣት፣ በኬላ ገመድ ነው። ሕግ ምን እንደሆነ የሚማረውም ከዚያው ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለዚያች የኬላ ገመድ ጥቂት ማለት ወደድሁ።

በመጀመሪያ ለሕጉ የሚገባውን ሚዛናዊ ፍርድ እንስጠው። ቡና የአገሪቱ ዋነኛ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 602/2000፣ የተጻፈው ያለ ምክንያት አልነበረም። አቅራቢው ቡናውን በዱቤ ለላኪ አስረክቦ ገንዘቡን ሲጠብቅ የሚከርምበት፣ ከአንዱ አካባቢ የመጣው ከሌላው ጋር የሚደባለቅበት፣ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀው በጎን ወጥቶ የሚሸጥበት ጊዜ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ግብይቱ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲዛወር ሻጩ ገንዘቡን በማግስቱ ማግኘት ጀመረ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ የሚክደው ካለ ፍርደ ገምድል ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ሥርዓት ዋና ምሰሶ አንድ ክልከላ ነው። ለውጭ ገበያ ደረጃ የበቃ ቡና ወደ ውጭ ይላካል፤ ለአገር ውስጥ ጠጪ የሚተወው ከዚያ ደረጃ በታች የሆነው ነው። ቋንቋውን ቀለል ስናደርገው፣ ፍሬው ለባዕድ፣ ግርዱ ለባለቤቱ ማለት ነው። መንግሥት ይህንን እንደ ዋዛ እንዳልያዘው ለማሳየት በመጋቢት 2001 ዓ.ም. ቡና አከማችታችኋል በሚል የስድስት ትልልቅ ላኪዎችን ፈቃድ አገደ፤ መጋዘኖቻቸውንም አሸገ። በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የቀደመውን ሲተካ፣ አምራቹ በቀጥታ እንዲልክና አቅራቢው ከላኪው ጋር እንዲተሳሰር በር ከፈተ። የክልከላው መሠረት ግን እንዳለ ቀጠለ።

እስኪ አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ እዚሁ አገር ውስጥ እንደሚጠጣ ተደጋግሞ የተነገረ ሐቅ ነው። ከአፍሪካ አምራቾች መካከል በዚህ መጠን የራሱን ቡና የሚጠጣ የለም። ከግማሹ ከፊሉ ገበሬው ከጓሮው ለቅሞ የሚያፈላው ነው፤ እርሱን እንተወው። የቀረው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ደሴ፣ ወደ መቀሌ፣ ወደ ጂግጂጋ፣ የቡና ዛፍ ወደማይበቅልባቸው ከተሞች ሁሉ ይጓዛል። በእነዚህ ከተሞች በየቀኑ የሚወቀጠው ሁሉ ከላኪዎች ማበጠሪያ የወደቀ ግርድ ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ ወይ ቡና አይጠጣም ወይ ሒሳብ አያውቅም። ከአንድ ኩንታል ቡና የሚወድቀው ግርድ ያን ሁሉ ሕዝብ አያጠጣም። እንግዲያስ አንድ መደምደሚያ ብቻ ይቀራል፦ ይህ ሕግ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሰዎች፣ በየጠዋቱ፣ በየቤቱ ይጣሳል። ከጣሾቹ መካከል ሕጉን ያረቀቁት፣ ያጸደቁትና የሚያስፈጽሙትም አሉበት፤ እነርሱም ቡና ይጠጣሉና።

ሁሉም የሚጥሰው ሕግ ምን ይሆናል? መልሱን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአውቶቡስ ወንበር ላይ ማግኘት ይቻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ኬላ ከመድረሳችን በፊት ረዳቱ ተነሥቶ «ቡና የያዘ ካለ ከአሁኑ ይናገር» አለ። አውቶቡሱ ጸጥ አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ወይ መስኮቱን ወይ ጫማውን ማየት ጀመረ። ፈታሹ ገብቶ ከፊቴ ከተቀመጡት አንዲት አዛውንት እግር ሥር ፌስታል አወጣ።

«እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ቡና ነው፣ ልጄ። ሴት ልጄ ወልዳ አራስ ጥየቃ እየሄድሁ ነው።»

«ክልክል መሆኑን አያውቁም?»

«ምኑ ነው የተከለከለው? መውለዱ ነው ወይስ ቡናው?»

ሰው ሁሉ ሣቀ፤ ፈታሹም ሣቀ። «በሉ ይሂዱ፤ ለሁለተኛው እንዳይለምድዎ» ብሎ ፌስታሉን መለሰላቸው። ሁለት ወንበር አልፎ ደግሞ ከአንድ ወጣት ቦርሳ ውስጥ ያንኑ የሚያህል ቡና አገኘ። ወጣቱ ቀልድ አልመጣለትም። ቡናው ተወሰደ። «እንግዲያው ደረሰኝ ይሰጠኝ» ቢል፣ «ለኮንትሮባንድ ደግሞ ምን ደረሰኝ አለው?» ተባለ። ገመዱ ወረደ፤ ጉዟችንን ቀጠልን።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምሻው ነገር አለ። ፈታሹ ለአዛውንቷ ያደረገው ደግ ነገር ነው፤ ማንም በእርሱ ቦታ ቢሆን እንዲያ ባደረገ እንላለን። ነገር ግን ለአዛውንቷ የተሰጣቸው ምሕረት እንጂ መብት አልነበረም። ከወጣቱ የተወሰደውም በፈታሹ ስሜት እንጂ በሚዛን አልነበረም። ሁለቱም የተፈጸሙት በአንድ ሕግ ስም፣ በአንድ አውቶቡስ ውስጥ፣ በአምስት ደቂቃ ልዩነት ነው። ሁሉም የሚጥሰው ሕግ መጨረሻው ይኸው ነው። ሁሉም ጥፋተኛ ከሆነ፣ ማን እንደሚቀጣና ማን እንደሚማር የሚመርጠው ገመዱን የያዘው ሰው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ደግሞ እንዲህ ያለ ምርጫ በአንድ ሰው እጅ መተው ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሕጉ ሕግነቱ ቀርቶ የመንገድ ዋጋ ይሆናል፤ አንዱ በሣቅ ይከፍላል፣ አንዱ በብር ይከፍላል፣ አንዱ በቡናው ይከፍላል።

ስንት ኪሎ ይፈቀዳል? በዚያው ጉዞ ላይ ይህን ጥያቄ ላነሣ ተሳፋሪ ከአራት ሰው አራት መልስ ተሰጠው። አንዱ ሁለት አለ፤ አንዱ አምስት አለ፤ አንዱ የተቆላ ከሆነ ችግር የለውም አለ፤ አንዱ ደግሞ «እንደ ሰውየው ነው» አለ። ከሁሉም ለእውነቱ የቀረበው የመጨረሻው ነው። መንገደኛው መጠኑን የሚሰማው ከሹፌርና ከረዳት ነው። በኬላው ላይ ተለጥፎ የሚያነበው ወረቀት አላገኘም። ይህ ደግሞ የተራ ቸልተኝነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 1183/2012፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያወጡ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ፣ የጸደቀውን እንዲያስመዘግቡና ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ ያዛል። ዜጋውም በመመሪያ ወይም በውሳኔ ሲበደል ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲያስመረምር መንገድ ሰጥቶታል። አዋጁ የሚገዛው የፌዴራል ተቋማትን ነው። መንፈሱ ግን በማንኛውም ኬላ ላይ ሊሠራ የሚገባው ነው፦ ያልተነገረኝን ሕግ ጠብቅ ልትለኝ አይገባም።

ኬላ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጊቤ መንግሥታት ድንበራቸውን የሚጠብቁት በኬላ ነበር፤ ነጋዴው በኬላው በር ቆሞ ቀረጥ ከፍሎ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በጅማ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ሀብታቸው ንግድ መሆኑን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ የሂርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው ነጋዴ የሚጎርፍበት የሆነው በከንቱ አይደለም። የዚያን ዘመን ኬላ በጎም ክፉም ነበረው። ነገር ግን ነጋዴው የሚከፍለው በሌላ አገር በር ሲገባ ነበር። የዛሬው ኬላ ሰውየውን የሚያስቆመው በገዛ አገሩ፣ የገዛ ጓሮውን ፍሬ ይዞ ነው።

በደርግ ዘመን ልጅ ነበርሁ። ቡና የመንግሥት የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን የሚቆጣጠረው፣ ዋጋው ከላይ የሚወሰን፣ በየኬላው የሚበረበር ነገር ነበር። ሴቶች ቡና በመቀነታቸው ቋጥረው፣ በሕፃን ማዘያ ጠቅልለው ስለማሳለፋቸው በየቤቱ የሚወራው ወሬ ከዚያን ጊዜ የተረፈ ነው። በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የእህል ኬላዎች ሲነሡ የገጠሩም የከተማውም ሰው እፎይ አለ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ተለወጠ፤ ርእዮተ ዓለሙ ተለወጠ፤ ሕገ መንግሥቱም ተለወጠ። ለቡና ግን ገመዱ ተመልሶ ተዘረጋ። በሁለት ተቃራኒ ርእዮተ ዓለሞች ሥር አንድ ዓይነት ገመድ ካየን፣ ችግሩ ከርእዮተ ዓለም የጠለቀ ነው ማለት ነው። አምራቹን እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ ጥርጣሬ ምንጭ የማየት ልማድ ነው።

ኪሳራው የጥቂት ኪሎ ቡና አይደለም። በቀድሞው ዘመን መንገድ ላይ የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ ተበዳዩም በዳዩም ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር። ፖሊስ አልነበረም፤ ካቴና አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ አስተሳስረው በእግራቸው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ሕጉን ያስከበረው በሰው ልብ ውስጥ የነበረው ፍርሃትና ፍቅር ነው። ይህ በምንም ዓይነት በጀት የማይገዛ ሀብት ነበር። እንግዲህ ዛሬ አያቷ ቡና ሲደብቁ እያየች የምታድግ ሕፃን ምን ትማራለች? ሕግ ጥሩ ሰዎች የሚሸሹት፣ ብልጥ ሰዎች የሚያልፉት ነገር መሆኑን ትማራለች። ነገ ስለ ግብር ስንነግራት፣ ስለ ፈተና ኩረጃ ስንነግራት፣ ስለ ጉቦ ስንነግራት፣ ያንኑ የኬላ ትምህርት ትመልስልናለች። በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ የምናገኛቸው ወጣቶች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም፤ በዚያ ገመድ ሥር አልፈው የመጡ ናቸው።

«ሕጉ ባይኖር ጥሩ ቡና አይላክም ነበር» የሚል ሙግት ይነሣል። ለዚህ ሙግት መልሱ እዚሁ አጋሮ ውስጥ አለ። «ጅማ 5» የሚባለው ደረጃ በዓለም ገበያ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በርካሽ ቡናነቱ ነበር። የአካባቢው ገበሬ ቡናውን ባገኘው ዋጋ ይሸጣል፤ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል፤ ጥሩ ለቅሞ ያደረቀውም ሰነፉም አንድ ዋጋ ያገኛሉ። ኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን ከምርት ገበያው ውጪ በቀጥታ እንዲሸጡ ተፈቅዶላቸው ነበር። በአጋሮ አካባቢ የሚገኘው የዱሮሚና ማኅበር ገበሬዎች የእሸት ቡና ማጠቢያ አቁመው፣ ቀዩን ብቻ ለቅመው፣ በስማቸው መሸጥ ጀመሩ። በ2004 ዓ.ም. ቡናቸው በአፍሪካ ቡናዎች ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው ነው፤ አፈሩም ያው ነው፤ ገበሬውም ያው ነው። የተለወጠው ሥልጠናው፣ ማጠቢያውና ደንቡ ነው። ገበሬው የልፋቱን ዋጋ በስሙ የሚያገኝበት በር ሲከፈትለት ጥራቱን ያመጣው ራሱ ነው። በግዳጅ ያልመጣ ጥራት በጥቅም መጣ።

ብራዚልን እንይ። ከዓለም ቀዳሚዋ የቡና አምራች ናት፤ ከዓለም ግንባር ቀደም ጠጪዎችም አንዷ ናት። የብራዚል ቆይዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1989 ለአገር ውስጥ ጠጪ የሚቀርበው ቡና ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጥ ምልክት በማሸጊያ ላይ ማተም ጀመረ። የአገር ውስጥ ጠጪው አደገ፤ ወደ ውጭ የሚላከውም አልቀነሰም። የራስን ጠጪ ማክበርና ወደ ውጭ መላክ ጠላቶች አይደሉም።

የውጭ ምንዛሪው ክርክርም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ብር በመንግሥት ተመን ታስሮ ሳለ ቡና በአገር ውስጥ ገበያ ከውጭው የተሻለ ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜ ብዙ ነበር። አንዳንድ ላኪዎችም ዶላሩን ለማስመጫ ስለሚፈልጉት ብቻ በኪሳራ ይልኩ ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ ቡና ወደ አገር ውስጥ ቢፈስ የሚገርም አይደለም፤ ውኃም ወደ ዝቅታው ይወርዳል። ያን ጊዜ ኬላው ይሠራ የነበረው የተመኑን ስሕተት በገመድ መሸፈን ነበር። ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የአረቢካ ዋጋ በታሪኩ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ወጣ። አገሪቱም በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። ይህን ያመጣው ዋጋና ምርት እንጂ የአራስ ጠያቂ ፌስታል መፈተሹ አይደለም።

ያለ መሸኛ ሙሉ ጭነት ቡና የያዘ አይሱዙ አይፈተሽ አላልሁም። ይፈተሽ፤ ሲያጠፋም ይቀጣ። የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለቤት ፍጆታ የሚያዝና ለንግድ የሚጫን ቡና በግልጽ ቁጥር ይለዩ። ቁጥሩ በእያንዳንዱ ኬላ ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በትልቁ ይጻፍ፤ ከቁጥሩ በታች የያዘ ሰው እንደ ሰው ቀና ብሎ ይለፍ። ሁለተኛ፣ የተወሰደ ቡና ሁሉ ተመዝኖ ደረሰኝ ይቆረጥለት፤ ደረሰኙም ቅሬታ የት እንደሚቀርብ ይናገር። ደረሰኝ የማይሰጥ ፈታሽ ሕግ እያስከበረ አይደለም። ሦስተኛ፣ ጥሩ ቡና ለአገሩ ሰው መሸጥ ወንጀል መሆኑ ይቅርና ግብር የሚከፈልበት ሕጋዊ ንግድ ይሁን። ያን ጊዜ መንግሥት ዛሬ በየኬላው የሚባክነውን ገንዘብ በግብር ያገኘዋል።

እነዚህን ደንቦች ሲያወጡ ደግሞ የሚነካውን ሰው ይጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) ከተመነጠረ ደን የመጣ ቡና እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ በካርታ እንዲታወቅ ጠየቀ። የጌራና የሊሙ ገበሬ በሩቅ አገር በተጻፈ ደንብ መጨነቁ ራሱን የቻለ ሌላ ርእስ ነው። ሆኖም አምራች አገሮችም ነጋዴዎችም ጮኹ፤ ደንቡም ሁለት ጊዜ ተራዘመ። ከብራስልስ ጋር መከራከር ከተቻለ፣ ከራሳችን መሥሪያ ቤት ጋር መነጋገር እንዴት ያቅተናል?

ሕግ የሚከበረው የሚቻል ሲሆን፣ የሚታወቅ ሲሆን፣ ለሁሉም እኩል ሲሆን ነው። የቡናው ክልከላ በዛሬ መልኩ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም። መንግሥት ሕዝቡ ሕግ እንዲያከብር ከልቡ የሚሻ ከሆነ፣ ሕዝቡ ሊያከብረው የሚችለውን ሕግ በመጻፍ ይጀምር። እስከዚያው ድረስ የቡና አገር ሰው ቡናውን መሸሸጉን አይተውም፤ ሕጉም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ክብሩን ያጣል።

ሕግ አውጪውንም አስፈጻሚውንም እኛንም ልቡና ይስጠን። ቸር ያሰንብተን።